ያላስተኛነው አፈር

ባለፈው ማክሰኞ ምሳዬን በልቼ ሳህኑን ሳላነሳ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፍቼ ባይ ቢጫ ሄልሜት ያደረገ፣ ጫማው ጭቃ የተሸከመ ወጣት ቆሟል። ከአጥራችን ጀርባ ያለውን ጉድጓድ የሚያስቆፍሩት ሰዎች መሐንዲስ ነው። ናሆም እባላለሁ አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሄልሜቱን አውልቆ ነው ሰላም ያለኝ።

«ማዘር፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። አንዲት ፊርማ ናት» አለ።

እኔ ፊርማ «አንዲት» ስትባል ደስ አይለኝም። ያቺ ቃል ከየት አግኝታኝ የት እንደጣለችኝ ልጁ ከየት ይወቅ። ወረቀቱን ተቀብዬ መነጽሬን ፍለጋ ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። ከጀርባችን ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ሊቆም ነው ተብሎ ጉድጓድ ከተቆፈረ ዓመት ሊሞላው ነው። በበጋ መጥተው፣ ጥቁሩን አፈር እንደ ዳቦ ቀጥ አድርገው ቆርጠው፣ ከዚያ በምን እንደሆነ እንጃ ጥለውት ሄዱ። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ሞላ። የሰፈሩ ልጆች «ሐይቁ» አሉት፤ እንቁራሪት ተራባበት፤ አንዱ ቀልደኛ ዓሣ እንጨምርበት ሲል ሰምቻለሁ። መስከረም ሲጠባ ባለቤቱ ትዝ አለውና ሁለት ፓምፕ አስገብቶ ውኃውን በሦስት ቀን መጥጦ አወጣው። በአራተኛው ቀን የጎረቤቴ የዘይነባ የጓሮ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። እጄን አስገብቼበታለሁ፤ እስከ አንጓዬ ይገባል።

ዘይነባ ባሏ ከሞተ ወዲህ በግቢዋ በር ላይ ባለችው ጠባብ ሱቅ በርበሬና ሽሮ እየሸጠች ሦስት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ያቺ ቤት ከሌለች ምንም የላትም። ወረቀቱ ደግሞ የሚለው ይህን ነበር፦ «በወይዘሮ ዘይነባ ቤት ላይ የደረሰው ጉዳት ከራሳቸው ሽንት ቤት በሰረገ ፍሳሽ ምክንያት መሆኑን እኛ ጎረቤቶች እናረጋግጣለን።» ከሥሩ ሁለት ጎረቤቶች ፈርመዋል። ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው። የእኔ ስም ተተይቦ ይጠብቀኛል።

ቁጣዬ ከእግሬ ጀምሮ ሲወጣ ተሰማኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት አንብቤያታለሁ። ያኔ ሽንት ቤት አልነበረባትም፤ ከብት ነበረባት።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥዕል ክፍል ተቀጥሬያለሁ። ሥራዬ መሐንዲሶች በእርሳስ የሞነጫጨሩትን በቀለም ብዕር አሳምሮ ማውጣት ነው። እጄ ጥሩ ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም። ዘመኑ ሁሉም ሰው «ጓድ» የሚባባልበት ነበር። ላፍቶም የዛሬው ላፍቶ አይደለም። ሚኒባስ የለ፣ ኮንዶሚኒየም የለ። ከነፋስ ስልክ ወዲያ ያለው ጤፍና ሽምብራ ነው። በበጋ መሬቱ አፉን ከፍቶ እግር ይውጣል፤ በክረምት ደግሞ ጫማህን ከእግርህ አስወልቆ ያስቀረዋል። ጥቁር ዋልካ ነው። የአገሩ ገበሬዎች በኦሮምኛ ኮቲቻ ይሉታል።

በዚያ ለገበሬ ማኅበሩ አንድ ትልቅ ኩሬ እንዲቆፈር ታዘዘ። የክረምቱን ውኃ አጠራቅሞ በበጋ ጎመንና ቀይ ሥር ሊያጠጡበት ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። የነደፈው መሐንዲስ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ እርሳሱን አስቀምጦ፣ «ጓድ ሰብለ፣ ዳሩ አንድ ለሦስት ነው። ይህ አፈር አይታመንም» አለኝ። ለአንድ ሜትር ጥልቀት ሦስት ሜትር ወደ ውጭ ይዘርጋ ማለቱ ነው፤ ሰው ተዝናንቶ የሚወርደው ዝቅዝቅ። በሳምንቱ እሱ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ።

እንዲህ ዓይነት ሥዕል ላይ፣ ዳሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ትደረጋለች። በቁመቷ በኩል አንድ፣ በአግድሟ በኩል ሦስት ይጻፍባታል። ወደ ላይ የቱ እንደሆነ፣ ወደ ውጭ የቱ እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ የምንሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ እኔ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ሲኒማ ልገባ ቀጥሬያለሁ። ሦስት ማዕዘኗን ተውኳትና «1፡3» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ማን አያውቀውም ብዬ። ሥዕሉ ተባዝቶ፣ የማባዣው አሞኒያ ገና ዓይን እያቃጠለ፣ ሰኞ ሄደ።

ጥር ላይ ሥራው የት እንደደረሰ ለክቼ እንድመጣ ላኩኝ። የሥራው ኃላፊ ጓድ ታፈሰ የሚባል፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነበር። ኩሬው ዳር ስደርስ ቆሜ ቀረሁ። ግድግዳ ነው የጠበቀኝ። ሦስት ሜትር ቁልቁል፣ አንድ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ። ቆፋሪዎቹ የሚወጡትና የሚወርዱት በመሰላል ነበር።

«ጓድ ታፈሰ፣ ይህ እኮ ተገልብጧል» አልኩት።

«ምኑ ነው የተገለበጠው?» አለና ሥዕሉን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ። «አንድ ለሦስት አይልም? አንድ ወደ ውጭ፣ ሦስት ወደ ታች። የታለ ሌላ ያልሽበት?»

ጣቱ ያረፈው ሦስት ማዕዘኗ ልትኖርበት በሚገባው ባዶ ቦታ ላይ ነው።  ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞስ አንቺ እንደምትይው ብንዘረጋው ግማሹን ማሳ ሊወስድብን ነው። የታዘዝኩት ይህን ያህል ውኃ እንዲይዝ ነው፤ ለአብዮት በዓል መመረቅ አለበት። ወረቀቱ አንድ ለሦስት ይላል፣ እኔም አንድ ለሦስት አስቆፍሬያለሁ።»

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሰውየው የቱ ትክክል እንደሆነ ያውቅ ነበር። ማስተካከል ስላልፈለገ ባዶዋን ቦታ ተጠለለባት። ባዶዋን ቦታ የተውኩለት ግን እኔ ነኝ።

የኩሬው አጎራባች ማሳ የኦቦ ዲንቃ ነበር። ኦቦ ዲንቃ ቀጭን፣ ሽበቱ ገና ጢሙ ላይ የጀመረ፣ ንግግሩ የተቆጠበ ገበሬ ነው። የዚያን ቀን ከቆፋሪዎቹ ፈንጠር ብሎ ተቀምጦ ነበር። አፈሩን በጣቱ ፈርፍሮ አሳየኝና፣ «ኢንታላ» አለኝ፤ ልጄ ሆይ ማለቱ ነው። «ኮቲቻ መቆም አያውቅም። ሰው ካላስተኛው ራሱ ይተኛል። ራሱ ሲተኛ ደግሞ ሰው አይመርጥም።»

«ለጓድ ታፈሰ ነግረውታል?» አልኩት።

«ሁለቴ ነገርኩት። ገበሬ እርሻህን እረስ አለኝ።»

ሚስቱ አዴ ጫልቱ ከማሳቸው ሽምብራ እሸት ነቅላ እቅፍ ሙሉ አሸከመችኝ። ወደ ነፋስ ስልክ እስክደርስ መንገዱን ሁሉ እየፈለፈልኩ በላሁ። የእሸቱ ጨውነት ከንፈሬ ላይ ነበር፤ የኦቦ ዲንቃ ቃልም ጆሮዬ ውስጥ። ለአለቆቼ ጽፌ ማመልከት እችል ነበር። አንድ ገጽ ይበቃ ነበር። ግን ሥዕሉ ይውጣና ይታይ ቢባል፣ መጀመሪያ የሚታየው የእኔ ጉድለት ነው። በጋ ነው፣ ግድግዳው እንደ ድንጋይ ደርቋል፣ ምናልባት ይቆም ይሆናል እያልኩ ራሴን ደለልኩ። ሪፖርቴ ላይ ጥልቀቱንና ስፋቱን ብቻ ጻፍኩ።

ቆመም። ክረምቱን ሙሉ ቆመ፤ ኩሬው እስከ ከንፈሩ ሞላ። በበዓሉ ቀን ሪባን ተቆረጠ፣ ተዘፈነ፣ ጓድ ታፈሰ ተጨበጨበለት። እኔንም ከሕዝቡ መሐል አየኝና፣ «እንዴት ነው፣ ተገለበጠ?» ብሎ ሳቀብኝ። ኦቦ ዲንቃ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ የተሳቀው በእሱም ነበር። ያን ቀን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ያን ጊዜ ያልገባኝን አሁን ላስረዳ። ሙሉ ኩሬ ግድግዳውን ያቅፈዋል። ውኃው ራሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍቶ አፈሩን ይደግፋል። አፈሩ ግን ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ ከርሞ ከብዷል፤ ዋልካ ደግሞ የጠጣውን ቶሎ አይተፋም። ውኃውን ድንገት ከፊቱ ካነሳህበት፣ ያ የከበደ አፈር የሚደገፍበት ያጣል። አደጋው የሚመጣው ኩሬው ሲሞላ ሳይሆን ሲጎድል ነው።

ኅዳር ላይ የጎመኑን ማሳ የሚያጠጣ የናፍጣ ፓምፕ መጣ። ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ጠጣ። በሁለተኛው ቀን ከኩሬው ጠርዝ ሁለት ክንድ ያህል ገባ ብሎ፣ ቀጭን ስንጥቅ እንደ ክር ተዘረጋ። መጀመሪያ ያየው ኦቦ ዲንቃ ነው። እሾህ ቆርጦ አምጥቶ በስንጥቁ ርዝመት ሁሉ አጠረበት፤ ከብትም ልጅም እንዳይደርስ። ይህን እሾህ አስታውሱልኝ።

እኔ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ልኬት ልወስድ ነው። ውኃው በጣም ዝቅ ስላለ የፓምፑ ቱቦ አልደርስ ብሏል። ጓድ ታፈሰ ፓምፑ ወደ ጠርዙ ይጠጋ አለ። በሰው ኃይል የሚነቃነቅ አይደለም። የኦቦ ዲንቃ ጥማድ በሬዎች አጠገብ ስለነበሩ ይምጡ ተባለ።

ኦቦ ዲንቃ፣ «አይሆንም። መሬቱ ታሟል» አለ።

«የሕዝብ ንብረት ነው የሚጠጋው፣ ያንተ በሬ ከሕዝብ ይበልጣል?» አለ ጓድ ታፈሰ። በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ እንቢ የሚል የለም፤ ኦቦ ዲንቃ በሬዎቹን አመጣ። እሾሁን ሁለት ሰዎች አነሱ። አንሺዎቹን ያዘዘው ጓድ ታፈሰ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

በሬዎቹ ፓምፑን በእንጨት መንሸራተቻ ላይ ጎተቱት። ጠርዙ ዘንድ ሲደርሱ ኦቦ ዲንቃ ቀንበሩን ሊፈታ እጁን ዘረጋ። ድምፅ አልነበረውም ብል ይታመናል? ትልቅ ነገር ሲወድቅ የሚጮኽ ይመስለን ነበር። መሬቱ ከቤት የሚበልጥ ቁራጭ ሆኖ፣ ሣሩን እንደለበሰ፣ ተቀምጦ ወረደ። ፓምፑ ከነመንሸራተቻው ሄደ። ኦቦ ዲንቃ የቀንበሩን ማነቆ በማጭዱ በጥሶ ቀዩን በሬ አዳነ። ቦራው በሬ ግን ከአፈሩ ጋር ወርዶ እስከ አንገቱ ተቀበረ። ሊቆፍርለት የወረደ የለም፤ መውረድም አይቻልም። ኦቦ ዲንቃ ከላይ ቆሞ በስሙ ይጠራው ነበር። እኔ እዚያ የልኬት ሜትር ይዤ ቆሜያለሁ።

በማግስቱ በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ፓምፑ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ንብረት ደግሞ ያለ ጥፋተኛ አይጠፋም። ጓድ ታፈሰ እንዲህ ብሎ አስጻፈ፦ «የአቶ ዲንቃ ከብቶች የኩሬውን ጠርዝ በመርገጣቸው መናዱን እናረጋግጣለን።» አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«ይህ ትክክል አይደለም» አልኩ።

«የቱ ነው ትክክል ያልሆነው? በሬው ጠርዙን ረግጧል ወይስ አልረገጠም?»

«ረግጧል፣ ግን...»

«ረግጧል። በቃ።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እንቢ ካልሽ ጥፋቱ የሥዕሉ ነው ብዬ አጽፋለሁ። ሦስት ማዕዘኑ የታለ ብለው ሲጠይቁሽ አንቺው ትመልሻለሽ። አሻጥር ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ። አንዲት ፊርማ ናት።»

ፈረምኩ። እጄ ጥሩ ነው ብያችኋለሁ፤ ስሜን አሳምሬ ነው የጻፍኩት።

በሬውን ያጣው ኦቦ ዲንቃ፣ ሁለቴ ያስጠነቀቀው ኦቦ ዲንቃ፣ እሾህ ያጠረው ኦቦ ዲንቃ በማኅበሩ የእህል መጋዘን ውስጥ ሁለት ወር ታሰረ። ጤፉ ደርሶ ነበር። አጫጅ ጠፍቶ፣ ብዙው ማሳው ላይ ረገፈ። ጓድ ታፈሰ በዓመቱ እድገት አገኘ።

ጥር ላይ፣ መፈታቱን ሰምቼ፣ ጥፋቴን ልናገር ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ቃላቱን ስለማመድ ነበር። አዴ ጫልቱ እንደ ዓምናው ሽምብራ እሸት ሰጠችኝ። ኦቦ ዲንቃ ከስቷል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀንበር ሲጠርብ ደረስኩ። አንድ በሬ ላለው ሰው ቀንበር ምን ያደርግለታል ብዬ አሰብኩና ዓይኔን ከሥራው ላይ አነሳሁ።

«ኢንታላ፣ እኔ ማንበብ አልችልም» አለኝ። «ያ ወረቀት ላይ አንቺ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። «ስሜን ብቻ» አልኩት።

 መጥረቢያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ስም ብቻ አይባልም» አለኝ። አልጮኸም፣ አልረገመኝም። እሸቱን ግን ያን ቀን አልበላሁትም፤ አውቶቡስ ውስጥ ትቼው ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ላፍቶ አልሄድኩም። ስሄድ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ማሳው ቤት ሆኖ ነበር። ኦቦ ዲንቃ ያረፈው ቀደም ብሎ እንደሆነ ነገሩኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ግን ስንቱን ንጋት ቆጥሬ አልጠራልኝም። አንድ ሰው ተነስቶ ካልተናገረ እውነት ብቻዋን የትም አትደርስም። የሚያናድደኝ ደግሞ ዘዴው አለመለወጡ ነው። ያኔ «ጓድ» ነበር፣ ዛሬ «ማዘር» ነው። ያኔ በእጅ ይጻፍ ነበር፣ ዛሬ ተተይቦ ይመጣል። አፈሩ ያው አፈር ነው፤ ጥፋተኛውም ሁልጊዜ ጉድጓዱ አጠገብ የሚኖር ድሃ ነው።

መነጽሬን አድርጌ ወደ በሩ ተመለስኩ። ናሆም እስክሪብቶውን ከፍቶ ይጠብቀኛል።

«ልጄ፣ ይህን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ቢሮ ነው ማዘር። እኔ ሥራዬ ፊርማ ማሰባሰብ ብቻ ነው።»

«የተማርከው ምንድን ነው?»

«ሲቪል ምህንድስና።»

«እንግዲያው ንገረኝ። ውኃው ከወጣ በኋላ ነው ወይስ ከመውጣቱ በፊት ግድግዳዋ የተሰነጠቀው?»

ወደ ጫማው አየ። ያውቃል። ጓድ ታፈሰም ያውቅ ነበር፤ ይህ ልጅ ግን ፊቱ ቀላ። «ማዘር፣ እኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና ስድስት ወሬ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

አዘንኩለት። ራሴን ነው ያየሁት፤ ስለዚህ ሳልቆጣው እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። በተተየበው ላይ መስመር አሰመርኩበትና ከሥሩ በእጄ ጻፍኩ። በቁጥር አልጻፍኩም። ቁጥር ይገለበጣል።

«የወይዘሮ ዘይነባን ግድግዳ የሰነጠቀው ሽንት ቤታቸው አይደለም። ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ፣ ክረምቱን ውኃ ይዞ ከርሞ፣ ውኃው በሦስት ቀን ተመጥጦ ስለወጣ ነው። ይህ አፈር ለአንድ ሜትር ጥልቀት ሦስት ሜትር ወደ ውጭ መተኛት ነበረበት፤ ቦታ ከሌለ መደገፍ ነበረበት። ያፈረሰው የከብት እግር አይደለም።»

ናሆም አንብቦ ቀና አለ። «ማዘር፣ እዚህ እኮ ከብት የለም።»

«አውቃለሁ። እሱን እንዳትሰርዘው» አልኩትና ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩበት።